ጩቤ፣ አርማ፣ የሐር ካርታ ወይስ ሰዓት? የእንግሊዝ ልዩ ኃይሎችን የድሮ ዕቃ መሰብሰብ ለምትጀምሩ

የመጀመሪያው ግዢዬ አርማ ነበር። እሁድ ጠዋት በሚቆም የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፎ ከተቀመጠ ሰውዬ ገዛሁት። በሰማያዊ ጨርቅ ላይ የተጠለፈ ባለክንፍ ጩቤ ነው፣ ኤስኤኤስ የሚባለው የእንግሊዝ ጦር ልዩ ኃይል ምልክት፤ ዳር ዳሩ ደብዝዟል። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከካይሮ የመጣ፣ የ1942» አለኝ። ሳልከራከር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ የገንዘብ ኖት በሚመረመርበት ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ሳየው፣ ክሩ እንደ ጭፈራ ቤት በራ። እንደዚያ የሚያበራው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ክርና ወደ ሳሙና የገባው የማንጫ ኬሚካል ነው። ተሸወድኩ።

አርማዋ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። በየጊዜው አወጣትና አያታለሁ፣ እጄን ትይዝልኛለች። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለዚህ ነገር ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነው፦ ዕቃውን ግዙ፣ ወሬውን አትግዙ። አንድ ዕቃ «የኤስኤኤስ ነበር» ከተባለ ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ያቺን ቃል ማረጋገጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ኮማንዶውም ተራው እግረኛም ብዙውን ዕቃ ከአንድ መጋዘን ነው የተረከቡት። ቀበቶው አፍ የለው፣ ማን እንደታጠቀው አይናገርም።

ስለዚህ ከታች ዕቃዎቹን ሳወዳድር መለኪያዬ ይሄ ነው፦ ሻጩ የነገረኝ ታሪክ ውሸት ሆኖ ቢገኝ፣ የከፈልኩት ገንዘብ ምን ያህል ይቆጨኛል? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ልዩ ኃይል ስልም የክልሎቹን እንዳይመስላችሁ።)

አርማና ቦኔት

አዲስ ሰብሳቢ ሁሉ የሚሮጠው ወደ አርማ ነው። አይፈረድበትም። ትንሽ ነው፣ ያምራል፣ ቦታ አይፈጅም። ችግሩ የሚጀምረው ከሰዎቹ ቁጥር ነው። ዴቪድ ስተርሊንግ በጁላይ 1941 ግብፅ ውስጥ ኤስኤኤስን ሲያቋቁም የነበሩት ሰዎች ከ60 ብዙም አይበልጡም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የመጀመሪያው ዘመቻቸው በማዕበል ተበላሸ፤ ከወጡት ከግማሽ በላይ አልተመለሱም። ታዲያ የእነዚህ ሰዎች አርማ በየእሁድ ገበያው ከየት ይፈልቃል?

መልሱ ዝና ነው። ሜይ 5 ቀን 1980 ለንደን ያለው የኢራን ኤምባሲ በታጣቂዎች ከተያዘ 6ኛ ቀኑ ነበር። ጥቁር የለበሱ፣ የጋዝ ጭንብል ያጠለቁ የኤስኤኤስ ወታደሮች በሰገነቱ ሲገቡ በቀጥታ በቴሌቪዥን ታየ። ቢቢሲ የስኑከር ዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜን አቋርጦ ነው ያሳየው። እስከዚያ ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው ክፍል በአንድ ምሽት የሁሉም ልጅ ጀግና ሆነ። ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ የሚጠልፍ አይጠፋም። (ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።)

ቦኔት ከአርማ ትንሽ ይሻላል፣ ምክንያቱም ቀለሙ ራሱ ያጋልጣል። የመጀመሪያው ነጭ ነበር። ሌሎች ወታደሮች እያፌዙ ጠብ ሲያስነሱበት ወደ አሸዋ ቀለም ተቀየረ። በ1944 ከአየር ወለዱ ጋር ሲጠቃለሉ ወይን ጠጅ ሆነ። በ1945 ክፍሉ ተበተነ፣ በ1947 እንደገና ቆመ፣ የአሸዋው ቀለም ግን የተመለሰው በ1957 ነው። እንግዲህ ውስጡ 1950 የሚል ማኅተም ያለበት የአሸዋ ቀለም ቦኔት «የኤስኤኤስ» ተብሎ ቢመጣላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ፓዲ ሜይን የሚባለው አዛዥ ብቻ የድሮዬን አላወልቅም ብሎ በ1944ም በአሸዋው ቀጥሏል። የእሱን ቦኔት አገኘሁ የሚል ከመጣ ግን ጭራሽ ሩጡ።

አርማ የግድ ካላችሁ፣ ከወታደሩ የደመወዝ ደብተርና ከፎቶው ጋር የሚመጣውን ብቻ ግዙ። የዚህ ዓይነቱ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ሜዳይ

ሜዳይ ከአርማ በላይ ይናገራል። የሚናገረው ደግሞ በጠርዙ ነው። ለምሳሌ የ1962ቱ የጄኔራል ሰርቪስ ሜዳይ ጠርዝ ላይ የወታደሩ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና ክፍል ተቀርጿል። ሪባኑ ላይ ደግሞ «ቦርንዮ» ወይም «ዶፋር» የሚል ዘመቻውን የሚጠቅስ ብረት ይኖራል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ሜዳዮች ግን ስም ሳይቀረጽባቸው ነው ለእንግሊዝ ወታደሮች የታደሉት። «የኤስኤኤስ ወታደር የአፍሪካ ኮከብ» የሚባል ነገር ብቻውን ሲሸጥ ካያችሁ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ስም የተቀረጸበትም ቢሆን ወጥመድ አለው። ጠርዙ ተፍቆ ሌላ ስም ይጻፍበታል። ሲፋቅ ሜዳዩ ይቀጥናልና በመለኪያ ለኩት። ሌላው፣ ልዩ ኃይል የሚገቡት ከሌላ ክፍል እየተመለመሉ ስለሆነ ሜዳያቸው ላይ የድሮው ክፍላቸው ስም ሊኖር ይችላል። ያኔ የሚያድናችሁ ወረቀት ነው። ለሽልማት የቀረቡ ወታደሮች የድጋፍ ጽሑፍ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ደብሊው ኦ 373 በሚባለው ክፍል ይገኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እዚህ ሞኙ እኛ ነን፣ ወረቀቱ ግን ታማኝ ነው።

እኔ በበኩሌ ሜዳይ አልገዛም። የሰው ስም ያለበትን ነገር፣ ምናልባት ልጁ የት እንደሸጠው ሳያውቅ የቀረውን፣ ግድግዳዬ ላይ መስቀል ይከብደኛል። ይሄ የእኔ ችግር ነው። በማስረጃ ጥንካሬ ብቻ ከለካነው አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው።

ጩቤው

አሁን ወደሚጣፍጠው መጣን። ዊልያም ፌርቤርንና ኤሪክ ሳይክስ ሻንጋይ ከተማ ፖሊስ ነበሩ። በወደብ ከተማዋ ጠባብ መንገዶች የተማሩትን የእጅ በእጅ ፍልሚያ ይዘው ወደ እንግሊዝ ተመለሱና ኮማንዶዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። ያለው ጩቤ ሁሉ አልጥም ስላላቸው ከዊልኪንሰን ሶርድ ፋብሪካ ጋር ተቀምጠው የራሳቸውን ሠሩ። ከ1941 መጀመሪያ ጀምሮ መታደል የጀመረው ቀጭን፣ በሁለት በኩል የተሳለ ጩቤ ዛሬ በሁለቱ ስም ፌርቤርን ሳይክስ ይባላል።

ሰብሳቢዎች በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው በእጀታውና በስለቱ መካከል ያለው የመስቀል ዘንግ እንደ እባብ የታጠፈ፣ ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ስለቱ ከእጀታው በሚነሳበት ቦታ ትንሽ ጠፍጣፋ አለ፤ የፋብሪካው ስም የተጻፈው እዚያ ነው። ሁለተኛው በ1942 መጣ። ዘንጉ ቀጥ አለ፣ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አጠረ፣ ያቺ ጠፍጣፋም ቀረች። ሁለቱም እጀታቸው ነሐስ ሲሆን ለእጅ እንዳያዳልጥ በጥቃቅን መስመር የተጫረ ነው። ሦስተኛው ከ1943 መጨረሻ የመጣው ነው። ነሐስ ስላነሰ እጀታው ከቀለጠ ቅይጥ ብረት ተሠራ፣ ቀለበት ቀለበትም ወጣለት። ይሄኛውን ብዙ ፋብሪካዎች በብዛት ሠርተውታል።

የትኛውን ልግዛ? የመጀመሪያው ሺህ ፓውንዶችን ይጠይቃል፣ በብዛት የሚፈበረከው ፎርጅድም እሱኑ የሚመስለው ነው። የታጠፈ ዘንግ መሥራት ለዘመናችን ወርክሾፕ ጨዋታ ነው። የሁለተኛው ዋጋ መካከለኛ ነው፣ ለዓይንም ለእጅም ከሦስቱ የሚያምረኝ እሱ ነው። ግን ጀማሪ ብሆን ሦስተኛውን እገዛለሁ። በጥቂት መቶ ፓውንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይገኛል። ዘንጉ ላይ የዶሮ እግር አሻራ የምትመስል ባለሦስት መስመር ቀስት ካለች የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት እንደነበረ ምልክት ናት። «በእንግሊዝ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን ከጦርነቱ በኋላ ለገበያ የተሠራ መሆኑን ጠርጥሩ። ይሄው ቅርጽ እስካሁን እየተመረተ ነውና።

ሦስት ቦታ እዩ። ጫፉ በጣም ቀጭን ስለሆነ ይሰበር ነበር፤ የተሰበረው ተስሎ አጥሮ ይሸጣል። ስለዚህ ርዝመቱን ለኩ፣ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ቀጥሎ አፎቱን እዩ። ቡናማ ቆዳ ነው፤ ግራና ቀኙ ሱሪ ላይ የሚሰፋባቸው የቆዳ ጆሮዎች አሉት። ብዙ ወታደር ስለቆረጣቸው ጆሮው ያልተነካ አፎት ብቻውን ዋጋ ያወጣል። በመጨረሻ እጀታው ሥር ያለችውን የነሐስ ቡሎን እዩ። ጥርሷ ላይ የአዲስ መፍቻ ጭረት ካለ ጩቤው ከሁለት ጩቤ ተገጣጥሞ ሊሆን ይችላል።

ሕጉን አትርሱ። እንግሊዝ አገር ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ጩቤ አይሸጥም። ቤት ማስቀመጥና መንገድ ላይ ይዞ መገኘት የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው ያስከስሳል። ወደ አዲስ አበባ በሻንጣ እወስደዋለሁ ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ ተዉት። ጉምሩክ ላይ ቆሞ ስለፌርቤርንና ስለሳይክስ ማስረዳት ቀልድ አይደለም።

ልብስና ትጥቅ

ይሄ ሳልባጅ ተራ ላደገ ሰው የተፈጠረ ዘርፍ ነው። መገልበጥ፣ መለያውን ማንበብ፣ ስፌቱን ማየት፣ መከራከር።

ፉክክሩ በሁለት ጃኬቶች መካከል ነው። ዴኒሰን ስሞክ የሚባለው ወፍራም የጥጥ ልብስ ነው፤ የአየር ወለድ ወታደሮች ከሌላው ልብስ በላይ ይደርቡት ነበር። የመጀመሪያው ዓይነት የእጅጌው ጫፍ የተጠለፈ ሱፍ ነው፣ የ1944ቱ ደግሞ በቁልፍ የሚጠበቅ። የ1942ቱ የንፋስ መከላከያ ስሞክ ቀጭንና ቀለል ያለ ነው። ኤስኤኤስ በአውሮፓ ዘመቻ ለብሶታል፤ ከጦርነቱ በኋላም ለዓመታት አልተወውም። ዴኒሰን የበለጠ ዝነኛ፣ የበለጠ ውድ፣ የበለጠ የተኮረጀ ነው። ለልዩ ኃይል ታሪክ ግን የንፋሱ ይቀርባል ባይ ነኝ፣ ዋጋውም አይከፋም።

ከ1960ዎቹ ወዲህ ያለ ልብስ ከሆነ ሥራው ይቀላል። መለያው ላይ የኔቶ ዕቃ ቁጥር አለ፣ 13 አሃዝ። የመጀመሪያዎቹ አራት 8415 ከሆኑ ልብስ ነው፣ 8465 ከሆኑ እንደ ቦርሳ ያለ የግል ትጥቅ። ቀጥሎ የሚመጣው 99 እንግሊዝን ያመለክታል። ሌላ ቁጥር ከሆነ የሌላ አገር ዕቃ ነው። በርገን የሚባለው የጀርባ ቦርሳ፣ ስሙን ከኖርዌዩ ቦርሳ ሠሪ ያገኘው፣ በዚሁ መንገድ ይለያል። መለያው ተቆርጦ የወጣ ልብስ «ለምስጢር ሲባል ነው የተቆረጠው» ከተባለ አትመኑ። ብዙ ጊዜ የተቆረጠው አዲስ መሆኑን ስለሚናገር ነው።

ልብስ ቦታ ይፈጃል፣ ብል ይወደዋል። ለብሶ መውጣትም አይመከርም፤ እንግሊዝ ውስጥ ያለፈቃድ የጦሩን ዩኒፎርም መልበስ በ1894 በወጣ ሕግ ተከልክሏል። አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ወይም የለንደን ስቱዲዮ ውስጥ ለሚኖር ሰው ዘርፉ አይሆንም።

የሐር ካርታ

ለጀማሪ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄን ነው። ኤም አይ 9 የሚባለው የእንግሊዝ ስውር ክፍል ከጠላት መሬት ለሚያመልጡ ሰዎች በሐርና በሬዮን ላይ ካርታ አሳተመ። ወረቀት ሲታጠፍ ይንኮሻኮሻል፣ ሲረጥብ ይበሰብሳል። ሐር ግን በቡጢ ውስጥ ይገባል፣ ልብስ ውስጥ ይሰፋል፣ ድምፅ የለውም። ካርታውን ያቀረበው የኤድንብራው ባርቶሎሜው የተባለ ድርጅት የባለቤትነት ክፍያ አልጠየቀም። ሐር ላይ ማተሙን የቻለበት ደግሞ ሞኖፖሊ የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ይሠራ የነበረው የሊድሱ ዋዲንግተን ነው።

ለምን እወደዋለሁ? ከተጨነቅሁበት ጥያቄ ነፃ ስለሆነ። ካርታው አብራሪ ኪስ ውስጥ ይሁን የኤስኦኢ (በጠላት መሬት በስውር ይሠራ የነበረ የእንግሊዝ ድርጅት) ሰላይ ልብስ ውስጥ አይታወቅም፣ ዋጋውም በዚያ አልተሰላም። ራሱ ያስደንቃል። በብዛት ስለታተመም ከመቶ ፓውንድ በታች የሚገኝ አለ። ከጦርነቱ በኋላ የተረፈው ለሕዝብ ተሸጦ፣ ጨርቅ በራሽን በነበረበት ዘመን ሴቶች ቀሚስና ሻሽ ሰፍተውበታል። የአውሮፓ ድንበር ያለበት ሻሽ!

በሁለቱም ፊት ታትሞ ጥርት ብሎ የሚታየውን ምረጡ። ዳሩ ላይ የሉህ ቁጥር ይኖራል። መስኮት ፊት አትስቀሉት፣ ፀሐይ ይበላዋል። ከካርታው ጋር የሚሄደው በቁልፍ ውስጥ የተደበቀ ኮምፓስ ነው፤ አንዳንዶቹ ጠላት እንዳይነቃ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲፈቱ ተደርገዋል። ግን ትንሽ ነገር ስለሆነ ለመኮረጅም ቀላል ነው።

ሰዓት

የሰዓት ዓለም ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው ጫፍ በ1970ዎቹ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጠላቂዎችና ለኤስቢኤስ (የባሕር ኃይሉ ልዩ ኃይል) የተሰጠው ሮሌክስ ሰብማሪነር ነው። ሰፋፊ እጆች፣ መደቡ (የሰዓቱ ፊት) ላይ በክብ ውስጥ ያለች የእንግሊዝኛ ፊደል ቲ፣ ጀርባው ላይ 0552 የሚል ቁጥር። በጨረታ ከመቶ ሺህ ፓውንድ በላይ ያወጣል። መደቡ ከአንዱ፣ እጆቹ ከሌላው ተገጣጥሞ የሚቀርብ ስላለ፣ ያለባለሙያ የሚነካ አይደለም። ገንዘቡ ካላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

ሌላው ጫፍ ጂ10 ነው። ካቦት የሚባለው ድርጅት ከ1980 ጀምሮ ለጦሩ ያቀረበው ተራ የባትሪ ሰዓት። ስሙ የመጣው ወታደሩ ዕቃ ከሚያወጣበት ቅጽ ነው፣ ጂ1098። ሾፌሩም አብራሪውም ኮማንዶውም አስረውታል። ጀርባው ላይ የዶሮ እግሯ ቀስት፣ 6645 እና 99 ያለበት ቁጥር፣ መጨረሻ ላይም ዓመቱ አለ። የጥቂት መቶ ፓውንድ ዕቃ ነው፣ ባትሪ ቀይራችሁ ዛሬ ታስሩታላችሁ። ከካርታው ቀጥሎ ምርጫዬ ይሄ ነው፤ እጄ ላይም አለ።

አንድ ጥንቃቄ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰዓቶችና የእግረኛ ኮምፓሶች በጨለማ የሚያበሩት በራዲየም ነው። ብርሃኑ ጠፍቶም ጨረሩ አለ። መስታወቱን እቤት አትክፈቱ። ስለ ጤና ካነሳሁ አይቀር፣ የድሮ የጋዝ ጭንብል ማጣሪያ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና ለፎቶ ብላችሁ አጥልቃችሁ አትተንፍሱበት። ጠመንጃን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ እንዳይተኩስ ተደርጎ የተበላሸ ቢሆንም ሰርተፊኬት ይፈልጋል፣ አትግቡበት።

እኛ ብቻ የምንችለው

ሚያዝያ 27። በ1941 በዚሁ ቀን ነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት። ከዚያ በፊት፣ ጃንዋሪ 20፣ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ጎጃምን አቋርጠዋል። አብረዋቸው የነበሩት እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌትና የጌዴዎን ጦር የሚባለው ሠራዊቱ ናቸው። ከእነሱ ቀድሞ ጎጃም የገባው ደግሞ ሚሽን 101 የሚባለው የእንግሊዝ ቡድን ነው፣ በዳንኤል ሳንፎርድ የሚመራው። ብዙዎቻችን ሁለቱን ስሞች የምናውቃቸው ከትምህርት ቤት በር ላይ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀርም በጎጃም ከዊንጌት ጋር ዘምቶ፣ በኋላ በሰሜን አፍሪካ በረሃ ኤስኤኤስን ተቀላቅሏል። ታሪኩ ከቤታችን ያን ያህል አይርቅም።

ከዚያ ዘመቻ የሚሸጥ ዕቃ ሁለት ዓይነት ይመጣል። አንዱ ማርትሬዛ ብር ነው። እንግሊዞች ለአርበኞችና ለስንቅ የሚከፍሉት በማርትሬዛ ነበር፤ ለንደንና ቦምቤይ ውስጥም አስቀርጸውታል። ግን የትም ይቀረጽ፣ መቼም ይቀረጽ፣ ሁሉም ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። «የጌዴዎን ጦር ማርትሬዛ» ተብሎ ተጨማሪ ሃምሳ ፓውንድ ከተጠየቃችሁ፣ የአያታችሁ አንገት ላይ የነበረውን አስታውሱ። ያው ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ጆርጅ ስቲር የሚመራው የእንግሊዝ የፕሮፓጋንዳ ክፍል «ባንዲራችን» የሚል ጋዜጣ በአማርኛ ያሳትም ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት አዋጅም ከአውሮፕላን ይበተን ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት የአንድ ወታደር ዕቃ ሲሸጥ ከደብዳቤና ከፎቶ ጋር ካርቶን ውስጥ ይገባል። ሻጩ አያነበውም። እኔ አንዴ በጨረታ ላይ «የአረብኛ ጽሑፍ» ተብሎ የቀረበ አማርኛ አይቻለሁ። ቀኑን፣ ማኅተሙን፣ ለማን እንደተጻፈ ቆሜ አነበብኩ፤ አጠገቤ የቆሙት ሰብሳቢዎች ግን ጩቤ ነበር የሚያገላብጡት።

አላሸነፍኩም። ሌላ ሰው በስልክ በልጦኝ ወሰደው። ማንበብ ይችል እንደሆነ እስካሁን እጠይቃለሁ።